ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ምንድን ነው?

በምርቃት ንግግርም፣ በወረዳ ሪፖርትም፣ በሬዲዮ ዜናም ደጋግመን እንሰማዋለን። «ቀበሌው ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ተገናኝቷል» ይባላል። ለገጠር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ዜና ጥቂት ነው። ግን ይህን ስም የሚያገኘው ምን ዓይነት መንገድ ነው?

ባጭሩ፣ ዓመቱን ሙሉ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ነው። የግድ አስፋልት መሆን የለበትም። አብዛኛው የገጠር መንገዳችን ጠጠር ነው፤ በደንብ ከተሠራ ጠጠሩ ይበቃል። ዶፍ ዝናብ ጥሎ ወንዙ እስኪጎድል ጥቂት ሰዓት ቢዘጋም ስሙን አያጣም። ከሐምሌ እስከ መስከረም መኪና የማይገባበት ከሆነ ግን የበጋ መንገድ ነው፤ ሌላ ስም ሊሰጠው አይገባም።

ስለዚህ መንገዱን ጥር ላይ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ጥር ላይ ግሬደር የረገጠው መሬት ሁሉ መንገድ ይመስላል። ፈተናው ነሐሴ ነው። ፈታኙም መኪና አይደለም፣ ውኃ ነው።

ጥሩ ጠጠር መንገድ ላይ ቆማችሁ ወደ ጎን ብታዩ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው። ስድስት ሜትር ስፋት ባለው መንገድ መሐሉ ከዳሩ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይችላል። በዓይን ብዙም አይታይም፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ዝናቡ መሐል ላይ ሳይተኛ ወደ ዳር ይወርዳል፣ ከዳሩ ቦይ ይገባል፣ ቦዩ ደግሞ በመንገዱ ሥር ወደሚያልፍ ቱቦ ወይም ወደ ሜዳ ይወስደዋል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ሲበጠስ ውኃው መንገዱ ላይ ይቀራል። ጎማ ውኃ ያቆረበትን ቦታ ደጋግሞ ሲረግጠው ጉድጓድ ይሆናል። ጉድጓዱ ተጨማሪ ውኃ ይይዛል። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሲሸሽ ዳሩን ይንደዋል። አንድ ክረምት ለዚህ ሁሉ በቂ ነው።

የአፈሩም ነገር አለ። በፎገራ፣ በበቾ፣ በጅሩ ሜዳዎች ያለው ጥቁር መረሬ፣ ሌላው ቦታ ዋልካ የሚባለው፣ ለጤፍና ለሽምብራ የተባረከ ነው። ለመንገድ ግን ጠላት ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ ገረጋንቲ ብቻ ከተበተነበት በሁለተኛው ክረምት ገረጋንቲው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። መረሬውን ቆፍሮ ማውጣት፣ አለዚያም መንገዱን በደህና አፈር ከፍ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ ገንዘቡ መቆጠብ የሌለበት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። አሥር ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ በሁለት ክረምት ከሚጠፋ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ተሠርቶ ቢቆይ ይሻላል።

ድልድይ በማይቻልበት ቦታ ወንዙ ወለል ላይ ኮንክሪት ይነጠፍና መኪና በላዩ ያልፋል። ርካሽ ነው፤ ውኃው ቀጭን ሲሆን ጥሩ ይሠራል። ውኃው ሲሞላ ግን ሰው ይበላል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ ስልሳ ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ስለዚህ በዳሩ የጥልቀት መለኪያ ምሰሶ መትከልና ቀይ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ይህን ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ከሲሚንቶው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግን ብዙ ቦታ የለም። ሾፌሩ በልምድና በግምት ይገባል፣ ተሳፋሪው ይጸልያል።

እንግዲህ አንድ አገር ምን ያህል ሰው እንዲህ ያለ መንገድ እንዳገኘ በምን ያውቃል? ኪሎ ሜትር መቁጠር አንዱ ነው። በ1989 ዓ.ም የመንገድ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር የኢትዮጵያ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2007 ዓ.ም ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። ከዚህ ብዙው የመጣው በ2003 ዓ.ም ከተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው። ዕቅዱ ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሠርቶ የገጠር ቀበሌዎችን ሁሉ ማገናኘት ነበር። አዲስ የተመረቁ ወጣት መሐንዲሶች እየተደራጁ ተቋራጭና አማካሪ ሆነው ገቡበት። ሕዝቡም በጉልበቱ ደንጊያ ተሸክሞ፣ ቦይ ቆፍሮ ተሳተፈ። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ባይሳካም መኪና አይተው የማያውቁ ቀበሌዎች መኪና አይተዋል። ይህን የሚያናንቅ ሰው ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተሸክሞ የማያውቅ ነው።

ኪሎ ሜትር ግን ሰው አይቆጥርም። በዚህ ምክንያት የዓለም ባንክ በ2006 እ.ኤ.አ. ሌላ መለኪያ አቀረበ። ከገጠር ሕዝብ ውስጥ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በሁለት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖረው ስንት በመቶ ነው? የሚል ነው ጥያቄው። ሁለት ኪሎ ሜትር በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ዛሬ ይህ ከተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች መለኪያዎች አንዱ ነው። ባንኩ በሳተላይት ካርታና የመንገዱን ይዞታ በሚያሳይ መረጃ አስልቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ ውጤት 21.6 በመቶ፣ የኬንያ 56 በመቶ ሆነ። ከ100 የገጠር ሰው 78ቱ ገና ሩቅ ነበር ማለት ነው። የተሠራ መንገድ ቢኖርም ከተበላሸ በዚህ መለኪያ አይቆጠርም። ልክ ነው፤ መቆጠርም የለበትም።

ሁለት ኪሎ ሜትሩም ቢሆን ሜዳ ላይና ገደል ላይ አንድ አይደለም። በመሐል አንድ ወንዝ ካለ ለአራት ወር ሁለቱ ኪሎ ሜትር ሃያ ይሆናል። ጎንደርንና ጎጃምን በዓባይ ላይ የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይ አስታውሱ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ድልድይ መሐሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ሰው በገመድ ታስሮ ከወዲያ ማዶ በሚጎትቱ ወንዶች ጉልበት ይሻገር ነበር። ኋላ የተደረገለትን ጥገና ጎርፍ ወሰደው፤ አሁን ተንጠልጣይ ድልድይ አለው። መኪና አያልፍበትም። ሰውና ከብት ግን ያልፋል። ለብዙ ቀበሌ አስቸኳዩ ነገር እንዲህ ያለ የእግረኛ ድልድይ ነው፤ በዕቅድ ስብሰባ ላይ ግን «መንገድ» ሲባል የሁሉም ሐሳብ መኪና ላይ ይሄዳል።

ከቱቦው በታች ያለውን ገበሬም እንይ። መንገድ ከዳገቱ የሚወርደውን ውኃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ያወጣዋል። በፊት በሰፊው ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውኃ አሁን በአንድ ቦታ ጉልበት ይዞ ይመታል። በሁለት ሦስት ክረምት ማሳው ላይ ቦረቦር ይከፈታል። ገበሬው ምን ያደርጋል? ቱቦውን በደንጊያና በጭድ ይደፍነዋል። ከዚያ ውኃው መንገዱን ይቆርጣል። ወረዳው ገበሬውን ይከሳል። ገበሬው ግን ልጆቹ የሚበሉበትን መሬት ነው ያዳነው። በትግራይና በአማራ ክልል የተሞከረው መፍትሔ የተሻለ ነው፤ ከመንገድ የሚወጣውን ውኃ ወደ ኩሬ፣ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ወይም ወደ ማሳ በቦይ መምራት። ያን ጊዜ ያው ገበሬ የቱቦው ጠባቂ ይሆናል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መንገዱ ሲሻሻል መኪናው ይፈጥናል።

ፒስታው ጎርባጣ ሳለ አይሱዙው በቀስታ ያልፍ ነበር። ከተስተካከለ በኋላ 80 ይነዳል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ ፍየሏን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ እንኳ ብዙ ሜትር ያልፋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ በደረቅ አስፋልት ነው። ልቅ ጠጠር ላይ ጎማ ስለሚንሸራተት ይብሳል።

በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር አለ። ማለዳ ተማሪዎች በቡድን በቡድን ይሄዳሉ። በገበያ ቀን አህያና በግ መንገዱን ይሞላዋል። እንጨት የተሸከመች ሴት አንገቷን ወደ ኋላ ማዞር አትችልም፤ ከኋላዋ የሚመጣውን የምታውቀው በድምፅ ብቻ ነው። ነፋስ ሲነፍስ ድምፁም የለም። በመኸር ወቅት አስፋልት በሚያልፍበት አገር እህል ዳሩ ላይ ይሰጣል። የተበላሸ የጭነት መኪና ሾፌር ጎማው ሥር ደንጊያ ታኮ ያደርጋል፣ ከኋላው ለምልክት ቅጠል ይጥላል። መኪናው ሲጠገን ደንጊያውን እዚያው ትቶት ይሄዳል። ማታ በሞተር የሚመጣው ሰው ያገኘዋል። አንድ ደንጊያ ከመንገድ ማንሳት ነፍስ ማዳን ነው፤ እያጋነንኩ አይደለም።

ለመኪና ብቻ የታሰበ ጠባብ መንገድ እግረኛውን ቦይ ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ሲባል የሚያስኬደው ማንን ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በኔ እምነት ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና ገበያ ባለበት ቦታ ላይ የመንገዱ ትከሻ ለእግረኛ ሰፋ ብሎ መሠራት አለበት። ከቦዩ ማዶ ጠረግ ያለ የእግር መንገድ ቢወጣ ደግሞ የተሻለ ነው። መኪናው መንደር ሲገባና ሲወጣ ብሬከር ያስፈልጋል፤ ብሬከሩም ከሩቅ የሚታይ ምልክት ይኑረው። ቅጥቅጡ ሰው የሚያወርድበት ቦታ ከመንገዱ ወጣ ያለ ይሁን። እነዚህ በኋላ እንጨምራለን ሲባሉ የማይጨመሩ ነገሮች ናቸው። ግሬደሩ እዚያው እያለ መሠራት አለባቸው።

ትምህርቱም አይዘንጋ። መኪና በቀኝ መሄድ ከጀመረበት ከ1956 ዓ.ም ወዲህ እግረኛ ግራውን ይዞ መሄድ ይገባዋል፤ ያኔ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። ከተማ ላይ ሕፃናት ይህን በትምህርት ቤት ይሰሙታል። መኪና ትናንት በገባበት ቀበሌ ግን ሽማግሌውም አልሰማውም። መንገዱ ከመከፈቱ በፊት በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በዕድር ቢነገር ምን ይከብዳል?

አንድ የሚጠቅም ነገር ደግሞ ልናገር፣ ብዙ የገጠር ቤተሰብ አያውቀውምና። በ2005 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 799/2005 የመኪና አደጋ ለደረሰበት ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቷል፤ አዋጁ ሲወጣ ለሕክምናው የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። የገጨው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን ባይኖረው ካሳ የሚከፍል ፈንድም አለ። «ገጭቶ አመለጠ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም። ፖሊስ ጋ ማስመዝገብ፣ የሐኪም ወረቀት መያዝና መጠየቅ ነው።

ጥገናው ላይ ብዙ አልናገርም፤ ግን ያለ እሱ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። ጠጠር በየዓመቱ ይሳሳል፣ ቦይ ይደፈናል። ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ የሚንቀሳቀስ የመንገድ ፈንድ አለ። ገንዘቡ ግን ለዋና ዋናዎቹ መንገዶችም አይተርፍም፤ የቀበሌው መንገድ ደግሞ ወረፋው ጫፍ ላይ ነው። ደግነቱ ብዙው ሥራ ማሽን አይፈልግም። ሰኔ ሳይገባ ቦይ መጥረግ፣ የቱቦ አፍ መክፈት፣ ትንሿን ጉድጓድ ትንሽ ሳለች መሙላት አካፋና ዶማ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ቀበሌያችሁ መንገድ ሊሠራለት ከሆነ፣ መሐንዲሱ መስመሩን ሲያይ ቦታውን የሚያውቁ ሰዎች አብረውት ይሂዱ። ወንዙ በከፋው ክረምት እስከየት እንደደረሰ ያደረውን የጎርፍ ምልክት እያሳዩ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ሴቶች ይኑሩበት፤ ውኃ የሚቀዱት፣ ወፍጮ ቤት የሚመላለሱት፣ ምጥ ሲመጣ ወንዝ ሞልቶ የጠበቃቸው እነሱ ስለሆኑ መሻገሪያው የት መሆን እንዳለበት ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። የቱቦው ውኃ የማን ማሳ ላይ እንደሚወድቅ ባለማሳው ባለበት ይነገር። በየዓመቱ ቦዩን የሚጠርገው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚጠርግና አካፋው ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ከርክክቡ በፊት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።