የሳፖሮ የበረዶ ሐውልት ፌስቲቫል

ሳፖሮ የጃፓኗ ሰሜናዊ ደሴት የሆካይዶ ዋና ከተማ ናት። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ነዋሪ አላት። በአንድ የብርድ ወቅት የሚጥልባት በረዶ ቢደማመር 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፌስቲቫሉ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ በእኛ ጥር ማለቂያ ላይ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ይካሄዳል።

የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ኦዶሪ የሚባለው መናፈሻ ያኔ የከተማው ሰው ከደጁ የዛቀውን በረዶ አምጥቶ የሚደፋበት ቦታ ነበር። የከተማው ተማሪዎች እዚያው ስድስት ሐውልቶች ሠሩ፤ ማንም ሳይጠብቅ 50 ሺህ ያህል ሰው መጥቶ አየ። የመጀመሪያዎቹ ሐውልቶች በተማሪ እጅ የተሠሩ መሆናቸው ሊነገር ይገባል።

በ1955 ሠራዊቱ ገባበት፣ ሐውልቶቹም ያን ጊዜ ነው መግዘፍ የጀመሩት። ወታደር ሐውልት መቅረጹ የማይዋጥላቸው አንዳንዶች አሉ፤ ሥራው እንደ ልምምድ ይቆጠራል የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። ያም ሆነ ይህ፣ ያለ ወታደሮቹ ጉልበት 15 ሜትር የሚደርስ ሐውልት አይታሰብም። በ1972 ከተማዋ የክረምት ኦሊምፒክን ስታዘጋጅ ዓለም አወቃት፣ በ1974 ደግሞ ዓለም አቀፍ የቅርጽ ውድድር ተጨመረ።

አሠራሩ ግን ከታሪኩ በላይ ይገርማል። የከተማው በረዶ ስለሚቆሽሽ ንጹሑ ከከተማ ውጭ በጭነት መኪና ይመጣል። አርማታ ሲሞላ እንደሚደረገው በእንጨት ከልለው በረዶውን እየረገጡ ይሞላሉ፣ ሲጠነክር እንጨቱን ያነሱና ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ ይወርዳሉ። የመጨረሻው ልስን ነው፦ ነጭ በረዶ በውሃ ለውሰው ፊቱን ይቀቡታል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የመስኮቱ ጠርዝ፣ የጣሪያው ክፈፍ ሁሉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ሙቀት ሲመጣ ግን ችግር ነው፤ በ2012 አንድ ሐውልት ተደርምሶ ጎብኚ ቆስሏል። ፌስቲቫሉ ባለቀ ማግስት ሁሉም በማሽን ይፈርሳል።

ሦስት ቦታዎች አሉ። ኦዶሪ 1.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ማታ በመብራት ሲታይ ይበልጥ ያምራል። ሱሱኪኖ የመጠጥና የጭፈራ ሰፈር ነው፤ እዚያ ያሉት ከጥርት ያለ ግግር በረዶ የተቀረጹ ሲሆኑ፣ ዓሣና ሸርጣን እንዳለ ውስጡ የረጋበትም አለ። ጹዶሜ መንሸራተቻ ያለው የልጆች ቦታ ነው። በደህና ዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይመጣል ይባላል፤ ትኬት በሌለበት ቆጠራ ግን ግምት ነው። በ2021 እና በ2022 በኮሮና ምክንያት በኢንተርኔት ብቻ ነበር፣ በ2023 ተመልሷል።

ከአዲስ አበባ ለሚሄድ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ቶኪዮ ናሪታ ይደርሳል። ከዚያ እስከ ሳፖሮ አቅራቢያ ያለው ሺን ቺቶሴ አየር ማረፊያ የአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በረራ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ከተማው ወደ 40 ደቂቃ የሚወስድ ባቡር አለ። ሆቴል ቀድማችሁ ያዙ፣ በዚያ ሳምንት ዋጋው አይቀመስም። ብርዱ ማታ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፣ እሱስ በልብስ ይቻላል። የሚያስቸግረው መንገዱ ነው፤ ሰው የረገጠው በረዶ መስታወት ሆኖ ያንሸራትታል። ጫማ ላይ የሚታሰር ባለ ጥርስ ላስቲክ እዚያው ሱቅ ይሸጣል፣ ከሆቴል ሳትርቁ ግዙ።