ኸርብ ብሩክስ፦ የሚወራለትና የሆነው

"ሶቪየትን አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ።" ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እንዲህ ነው። ግን በዚያ ቀን ማንም ወርቅ አልወሰደም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1980 በሌክ ፕላሲድ (አሜሪካ) ኦሎምፒክ አሰልጣኙ ብሩክስ የሚመራው የአሜሪካ የአይስ ሆኪ (የበረዶ ላይ ሆኪ) ቡድን ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ሲረታ፣ የሜዳሊያው ጉዳይ ገና አላለቀም ነበር። ወርቁን ያገኙት ከሁለት ቀን በኋላ ፊንላንድን 4 ለ 2 አሸንፈው ነው፤ ያውም ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ ሁለቱ ሲያልቅ ፊንላንድ 2 ለ 1 እየመራች።

"ያገኛቸውን የኮሌጅ ልጆች ለቃቅሞ በተአምር አሸነፈ" የሚለው ለወሬ ይጥማል። ከ20ዎቹ ተጫዋቾች 9ኙ ግን እሱ ራሱ ሲያሰለጥን ከኖረበት ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1974፣ በ1976 እና በ1979 የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ በልቷል። እነዚህን ልጆች ልቅም አድርጎ ያውቃቸዋል።

"ጨካኝ ነበር" ለሚሉት መልስ መስጠት ይከብደኛል፤ ነበረና። በ1979 ኦስሎ ላይ ከኖርዌይ ጋር 3 ለ 3 ሲለያዩ ልጆቹን ከበረዶው አላስወጣቸውም። ከመስመር ወደ መስመር፣ ሩጡ፣ ተመለሱ፣ እንደገና! የሜዳው ሠራተኛ መብራቱን ቢያጠፋባቸውም በጨለማ ቀጠሉ። ስህተቱ "ዝም ብሎ ክፋት ነው" ማለቱ ላይ ነው። የሚኒሶታና የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ልጆች ከኮሌጅ ዘመናቸው ጀምሮ የቆየ ቂም ነበራቸው፤ በ1976 ሜዳ ላይ ተደባድበዋል። እርስ በርስ ከሚናከሱ ሁሉም አንድ ላይ እሱን ቢጠሉት ይሻላል ብሎ ነው ጥርሱን የነከሰባቸው።

"ከዚያ ወዲህ ደብዛው ጠፋ" የሚለውም ልክ አይደለም። የኒውዮርክ ሬንጀርስ የተባለውን የሆኪ ክለብ አሰልጥኗል፤ በ1998 የፈረንሳይን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ናጋኖ (ጃፓን) ኦሎምፒክ ሄዷል፤ በ2002 ኦሎምፒክ ከአሜሪካ ጋር ብር አግኝቷል። በ2003 በመኪና አደጋ ሞተ።

"መጫወቱ ስላልሆነለት ነው አሰልጣኝ የሆነው" የሚሉም አሉ። በ1964ና በ1968 ኦሎምፒክ ተሰልፎ ተጫውቷል። ያልሆነለት የ1960ው ነው፦ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከቡድኑ በመጨረሻ የተቀነሰው እሱ ነበር። ያ ቡድን ወርቅ ሲያጠልቅ ቤቱ ሆኖ አየ። ከ20 ዓመት በኋላ ሶቪየት ተሸንፋ፣ ልጆቹ ዱላቸውን ወርውረው በረዶው ላይ ሲተቃቀፉ፣ ብሩክስ ብቻውን ወደ መልበሻ ክፍሉ ኮሪደር ገባ።