«ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ» እና ሌሎች የቀበሌ ተረቶች

ባለፈው ቅዳሜ ከሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ ገዝቼ ስመለስ አንድ የሰፈራችን ወጣት ባጃጁን አቁሞ ሰላም አለኝ። በራቸው ላይ ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ክዳኑ ከተሰበረ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። «ጋሼ፣ ለቀበሌ ብንናገር ብንናገር የሚሰማን አጣን» አለኝ። ለማን ነው የተናገራችሁት አልኩት። «ስብሰባ ላይ ነዋ!» የትኛው ስብሰባ? መቼ? ማን ተቀበላችሁ? መልስ የለውም። ዓሣው በፌስታሉ ውስጥ እየሞቀ፣ እኔም እየጋልኩ ቤቴ ገባሁ።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ምክር ቤት 11 ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። በደቡብ ክልል ሥር ሆነን ጀመርኩ፤ ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ በኋላ ጡረታ ወጣሁ። በዚህ መሃል የማህተሙ ጽሑፍ ተለወጠ፤ «ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ» የሚለው ግን እስከ ዛሬ አለ። አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

«ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ፤ ስለዚህ ቀበሌው ያውቃል።»

አያውቅም። ሊቀመንበሩ ሰምቶ ይሆናል፤ ቀበሌው ግን አያውቅም። በስብሰባ የተነገረ ነገር አስተያየት ነው እንጂ አቤቱታ አይደለም። እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለምና። አዳራሹ ውስጥ መቶ ሃምሳ ሰው ተቀምጧል። ሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አራት ተኩል ላይ ተጀምሯል። ሠላሳ እጅ ይወጣል፣ ዕድል የሚሰጠው ለዐሥሩ ነው። አንዲት እናት ተነሥተው ስለ ቦዩ፣ ስለ ጠፋው የመንገድ መብራት፣ ጎርፉ ስላበላሸው ዱቄት አምስት ደቂቃ ይናገራሉ። አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጬ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ነዋሪዎች የመሠረተ ልማት ችግሮችን አንሥተዋል፤ ከመድረክ ምላሽ ተሰጥቶበታል።»

አበቃ። የአምስት ደቂቃ እንባ ይህችን ታህላለች። ይህንን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጄ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩት እግዜር ይወቀው። ክፋት አልነበረውም፤ እጅ ከአፍ አይፈጥንም፣ ቃለ ጉባኤውም ከሁለት ገጽ እንዲበልጥ የሚፈልግ አልነበረም። አንዳንዱ በሲዳሙ አፎ ይናገራል፣ ሌላው በአማርኛ፤ ጸሐፊው አንዱን ሲተረጉም ሌላው ያመልጠዋል። «ከመድረክ ምላሽ ተሰጥቶበታል» ማለት ደግሞ ሊቀመንበሩ «የጋራ ችግራችን ነው፣ በሂደት እንፈታዋለን» ብሏል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ጉዳዩ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ማንም አይፈልገውም።

ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲገባ በገቢ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይይዛል፦ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ከማን እንደ መጣ፣ ጉዳዩ፣ የተመራለት ክፍል። የመጨረሻው ዓምድ «የተሰጠ ምላሽ» ይላል። ባዶ ከሆነ ባዶነቱ ይታያል። ከክፍለ ከተማ ለክትትል የሚመጡት ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ምን እንደ ተባለ ጠይቀውኝ አያውቁም። መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው እየወረዱ «ይኸኛው የት ደረሰ?» ነበር የሚሉት። እንዲያ ሲሉ የሊቀመንበሩ ፊት ሲለዋወጥ ያየሁባቸው ቀናት የሥራ ዘመኔ አስደሳች ቀናት ነበሩ።

አንዲት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ጎረቤት ነበሩን። ሦስት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ተነሡ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «የመሠረተ ልማት ችግሮች» ብዬ ጻፍኳቸው። በአራተኛው ዓመት ሌላ ወረቀት ሊያስፈርሙ ቢሮ ሲመጡ አላስችል አለኝ፤ ዐሥረኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ነበርና ወረቀት ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ግማሽ ገጽ ጻፈች። «ከእኛ ቤት ጀምሮ እስከ ጥግ ያለው ቦይ 40 እርምጃ ነው። ሦስት ክዳን ተሰብሯል። ሰኔ 22 ጎርፉ ሦስት ቤት ገብቷል።» ከታች ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። ሌላ ምንም። «በከፍተኛ አክብሮት እየጠየቅን» እንኳን የለበትም። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ከሦስቱ ክዳን ሁለቱ ተተካ። ሦስተኛው እስከ ዛሬ ድንጋይ ተደርቦበት አለ፤ እርሱም ሌላ ደብዳቤ ይጠብቃል።

ስለዚህ አጻጻፉን ልንገራችሁ። በአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ፤ ቦይና መብራት አብረው ከተጻፉ ለሁለት ክፍል ስለማይመራ ለአንዱ ተመርቶ ሌላው ይረሳል። ልክ ያለው ነገር ጻፉ፦ ስንት ቤት፣ ስንት ቀን፣ ስንት እርምጃ። ሁለት ቅጂ ያዙና ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ማህተም አስመቱበት። ቁጥር ሳትይዙ ከመዝገብ ቤት አትውጡ! «አስቀምጠው፣ እናየዋለን» ካሏችሁ አላስገባችሁም። ሁለት ሳምንት ጠብቁ፤ ከዚያ «በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን ያስገባሁት አቤቱታ» ብላችሁ ማስታወሻ አስገቡ፤ ግልባጩን ለክፍለ ከተማው አድርጉ። ግልባጭ የምትለዋ ቃል በቢሮ ውስጥ ከማንኛውም ጩኸት በላይ ትሰማለች።

«ቀጥታ ክልል ማስገባት ይሻላል።» ይህንን የሚሉት ራሳቸውን ብልህ አድርገው የሚቆጥሩት ናቸው። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ከተማችን 8 ክፍለ ከተሞችና 32 ቀበሌዎች ነበሯት። ለክልሉ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ የቦይ አቤቱታ በኅዳጉ ላይ «ለከተማ አስተዳደሩ ይመራ» ተብሎ ይወርዳል፤ ከተማው ለክፍለ ከተማው ይመራዋል፤ ክፍለ ከተማው ለቀበሌው። ከወራት በኋላ አራት ማህተም አርፎበት የእኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ «ተጣርቶ ይገለጽልን» የሚል ትእዛዝ ይዞ ነው። አጣሪውም ያው የተከሰሰው ሊቀመንበር። ከታች ተነሥቶ ቁጥር እየያዘ የወጣ ደብዳቤ ግን ላይ ሲደርስ «በቀበሌ በዚህ ቁጥር፣ በክፍለ ከተማ በዚህ ቁጥር ጠይቄ መልስ አጣሁ» ስለሚል እንደ ገና ወደ ታች መወርወር ያሳፍራል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋምም ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ክፍያ የለውም፤ ግን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የበደላችሁ መሥሪያ ቤት ዘንድ አቅርባችሁ እንደ ነበር ነው። ያኔ ማህተም ያረፈበት ቅጂ የሌለው ሰው ፊቱ ሲጠቁር አይቻለሁ።

«ፊርማ በበዛ ቁጥር ይሰማል።» ሁለት መቶ ገደማ ፊርማ ያለበት አቤቱታ ተቀብዬ አውቃለሁ፤ ሠላሳው በአንድ እጅ የተፈረመ ነበር። የቤት ቁጥር ያለው ግን አንድም አልነበረም። ቤት ቁጥራቸውን የጻፉ ዐሥር ሰዎች ይበቃሉ።

«ሊቀመንበሩ ከፈለገ ያደርገዋል።» ሰው ከሊቀመንበር የማይጠይቀው የለም፦ አስፋልት፣ ትራንስፎርመር፣ የውሃ መስመር፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም የሸሸ ባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው የሥልጣን እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል፤ ሥልጣኑ ተጽፏል፣ ገንዘቡ ግን ከተማው ዘንድ ነው። ትራንስፎርመሩ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ እርሱ ደግሞ የፌዴራል ድርጅት ነው። ቀበሌው የሚችለው የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ ነው። እርሱን ጠይቁት፤ ከልካይ የለውም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን መሬት ነው። «ቀበሌ የፈረመበት ውል አለኝ» እያሉ የሚመጡ ሰዎች! ቀበሌ የከተማ ቦታ የመስጠት ሥልጣን የለውም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲገኝ ደንግጓል፤ የሚሰጠውም ሥልጣን ያለው የከተማው አካል ነው። አንድ የሥጋ ዘመዴ ከከተማው ዳርቻ ከገበሬ ላይ ቦታ ገዛ። ውሉ ሦስት ምስክር፣ አንድ የቀበሌ ሰው ፊርማና ክብ ማህተም ነበረበት። ሲያሳየኝ «ማህተሙ ምን ይመሰክራል?» አልኩት፤ ተቀየመኝ። ቆርቆሮ አልብሶ ሳይጨርስ ሕገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ፈረሰ። ያ የቀበሌ ሰው ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሣም። ማህተሙ የመሰከረው ሰዎቹ መፈራረማቸውን ብቻ ነበር።

«የቀበሌ ቤት ሠላሳ ዓመት ከኖርኩበት የእኔ ነው።» አይደለም። ትርፍ ቤቶችን የወረሰው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጡት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የተከራየ ሰው ተከራይ ነው፤ ዘመን ባለቤት አያደርገውም። ለቀድሞው ተከራይ ከፍሎ «ቁልፍ ገዛሁ» የሚለውም ምንም አልገዛም፤ ገንዘብ ሰጥቶ ጠብ ነው የገዛው። በነገራችን ላይ ቀበሌን ደርግ ፈጠረው የሚሉት ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቁት። ማኅበሩንና ጽሕፈት ቤቱን ያቋቋመው ደርግ ነው፤ ቃሉ ግን ሰፈር፣ አካባቢ ለማለት ከዚያ በፊትም ይነገር ነበር።

የቀሩትን በፍጥነት። «ፋይዳ ስላለኝ የቀበሌ መታወቂያ አያስፈልገኝም»፦ ፋይዳ ማን እንደ ሆናችሁ ይናገራል፤ የየት ቀበሌ ነዋሪ እንደ ሆናችሁ አይናገርም። «የልደት ምዝገባ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይደርሳል»፦ ሕጉ የሚለው በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀን። «የምክር ቤቱ አባላት በየአምስት ዓመቱ እኛ የምንመርጣቸው ናቸው»፦ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ሳይካሄድ ቆየ። ወንበሩ ላይ ያያችሁትን ሰው መቼ እንደ መረጣችሁት ራሳችሁን ጠይቁ። «ቃለ ጉባኤ ምስጢር ነው»፦ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ መሥሪያ ቤቱ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እዚያ መሥሪያ ቤት በነበርኩበት 11 ዓመት ይህን አዋጅ ጠቅሶ ቃለ ጉባኤ የጠየቀ ነዋሪ አንድ ብቻ ነበር። እርሱም የታሪክ መምህር ነበር፤ ሊቀመንበሩ ጋዜጠኛ መስሎት ሻይ አዘዘለት።

«አቤቱታ ካስገባሁ ጥርስ ይነክሱብኛል።» በዚህኛው አልቀልድም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እየተባለ ያደገ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም፤ የመታወቂያ እድሳት ሲጠይቅ «ነገ ተመለስ» የተባለም አውቃለሁ። ብቻውን የሚፈራ ሰው ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ይጻፍ። ደብዳቤውም ሰው አይስደብ፤ «ሊቀመንበሩ ሌባ ነው» የሚል ደብዳቤ ቦዩን አያስከድንም፤ መልሱም ስለ ስድቡ ብቻ ይሆናል።

መዝገብ ቤት ደግሞ «ሁልጊዜ ሰው የለም» ትላላችሁ። ሰኞ ጠዋት የሠራተኛ ስብሰባ አለ፤ ዓርብ ከሰዓት ማንንም አታገኙም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ሂዱ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ የእነርሱ አይጽፍም። የማህተሙ ቀለም ደርቋል ካሏችሁም ቁጥሩንና ቀኑን በእጅ ጽፈው ስማቸውን አስቀምጠው እንዲፈርሙላችሁ ጠይቁ፤ እኛ ዘንድ በዓመት ሁለት ወር ያህል ቀለም አልነበረም።