ስር የሰደደ ሕመም፣ ደመወዝና ግብር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካው በዝቷል፤ ከመንዝ፣ ከተጉለትና ከይፋት መጥቶ በደመወዝ የሚያድረው ሰውም እንደዚያው። ከመካከላቸው ስኳር፣ አስም፣ የኩላሊት ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት ሠራተኛ ሲደክመው ከየአቅጣጫው ምክር ይጎርፍለታል። ብዙው ምክር ስህተት ነው፤ ስህተቱም መብት ያሳጣል። ከዚህ በታች የምንጽፈው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ በሌላ ሕግ ይቆጠራል።

«የሐኪም ማስረጃ ያቀረበ ሕመምተኛ ግብር አይቆረጥበትም»

ይህ ወሬ ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣ ይመስለናል። ለምሳሌ ካናዳ ውስጥ ሐኪም ቅጽ ሞልቶ ሲያረጋግጥ ለአካል ጉዳት የሚሰጥ የግብር ቅናሽ አለ። የኛ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግን የሚያየው የደመወዙን መጠን እንጂ የሠራተኛውን ጤና አይደለም። ስለዚህ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ በሕመም ምክንያት ቅናሽ መጠየቅ ድካም ብቻ ነው።

አዋጁ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው ትክክለኛ ወጪ ከግብር ነፃ ነው፤ ለአካል ጉዳት የሚከፈል ካሳም እንዲሁ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ድርጅቱ በየወሩ «የሕክምና አበል» ብሎ ጥሬ ገንዘብ ከጨመረ ግብር ይቆረጥበታል፤ በደረሰኝ የወጣውን ሲተካ ግን አይቆረጥበትም። ስለዚህ የመድኃኒቱንና የላቦራቶሪውን ደረሰኝ በስማችሁ አስቆርጡ።

ሌላው ደግሞ የግማሽ ደመወዝ ወር ነው። በ2017 በተሻሻለው ሕግ በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይከፈልበታል። 6,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 700 ብር ነው። በሕመም ፈቃድ ግማሹን፣ 3,000 ብር፣ ሲያገኝ ግን 150 ብር ብቻ ነው። ደመወዝ ከፋዩ ያለፈውን ወር ቁጥር ገልብጦ 700 ከቆረጠ 550 ብር ያላግባብ ሄዷል። የደመወዝ መግለጫችሁን ሳታዩ አትፈርሙ።

«ሲክ ሊቭ የሚቆጠረው በተከታታይ ከተኛሁ ብቻ ነው»

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ ቆጠራው የሚነሣው ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ነው። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ፈቃዱ ተቆራርጦ ቢወሰድም ይደመራል። የደብረ ብርሃን ብርድ አስሙን ቀስቅሶበት 9 ቀን፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 10 ቀን የቀረ ሰው 31 ቀን ሞልቷል፤ 31ኛዋ ቀን በግማሽ ትከፈላለች። ስር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው የራሱን ቆጠራ በደብተር ይያዝ፤ የአስተዳደሩ ቆጠራ ሊሳሳት ይችላል።

«ወረቀቱን ስመለስ አመጣለሁ»

አሠሪው ካላወቀ በቀር በቀራችሁበት ማግስት ማሳወቅ ግዴታ ነው። በስልክ ማሳወቅ ይቻላል፤ መልእክት ልካችሁ ማስቀመጥ ግን ይሻላል። ማስረጃው በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ተቋም መሆን አለበት፤ ከየትኛው እስከ የትኛው ቀን ዕረፍት እንደተሰጠ፣ የሐኪሙ ስምና ማኅተም ይኑረው።

«ሕመም ያው ሕመም ነው»

አይደለም። የጨርቅ ብናኝ ወይም ኬሚካል ሳንባውን የጎዳው ሠራተኛ በሥራ ምክንያት የታመመ ነው፤ ክፍያውም የተለየ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል፤ የሕክምናውንም ወጪ አሠሪው ይሸፍናል። ሐኪሙ የምትሠሩትን ሥራ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት፤ በካርዱ ላይ ካልተጻፈ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

«አቅቶኛል፤ መልቀቂያ አስገብቼ ጡረታዬን ልጠይቅ»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው። የጤና ጉድለት ጡረታ አበል የሚሰጠው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ፣ ለሥራ ብቁ አለመሆኑ በሕክምና ማስረጃ ተረጋግጦ ለተሰናበተ ሰው ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ በዚህ መንገድ አይስተናገድም። የበሽታው ስም ብቻውንም አያበቃም፤ ስኳር ያለበት ሁሉ ጡረተኛ አይሆንም። የሚመዘነው ሕመሙ ሥራውን ከልክሎታል ወይ የሚለው ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለ10 ዓመት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 14 ዓመት የሠራ፣ አማካይ ደመወዙ 6,000 የሆነ ሰው 35 በመቶ፣ ማለትም 2,100 ብር ይደርሰዋል። 10 ዓመት ያልሞላው ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ ያገኛል። የሥራ ስንብት ክፍያም ላይ ልዩነት አለ፦ አምስት ዓመት ሳይሞላው በፈቃዱ የለቀቀ ያጣዋል፤ የሥራ ችሎታ ማጣቱ በሕክምና ቦርድ (የሥራ ብቃትን በሚመረምር የሐኪሞች ቡድን) ተረጋግጦ የወጣ ግን መብት አለው።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሚከታተላችሁ ሐኪም ወደ ቦርድ እንዲልካችሁ መጠየቅ፤ ቀጥሎ የቦርዱን ውጤት ለድርጅቱ ገቢ አድርጎ ቅጂውን በማኅተም መቀበል፤ ከዚያ የስንብት ደብዳቤው ላይ ምክንያቱ «በጤና ጉድለት» ተብሎ መጻፉን ማየት። «በፈቃዱ» የሚል ደብዳቤ ከተሰጣችሁ ሳታስተካክሉ አትውጡ።

ስምም ያስተጓጉላል። መታወቂያው ላይ «ተስፋዬ»፣ የጡረታ መለያው ላይ «ተስፋየ» ከሆነ ፋይሉ ይመለሳል፤ የሆስፒታሉን ካርድ ስታወጡ መታወቂያውን አሳይታችሁ አስጽፉ።

«ጉዳዬን ሲሻለኝ እከሳለሁ»

ያላግባብ የተሰናበተ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው በ3 ወር ውስጥ ነው። የደመወዝና ከስንብት ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ ክስ ማቅረብ አይቻልም። አልጋ ላይ ያለ ሰው ወኪል ማቆም ይችላል፤ ውክልናው ግን ጊዜው ሳያልፍ ይሰጥ።