ወቅፍ ምንድን ነው? ሳራዬቮን ያቆመው ሰነድ

ወቅፍ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ፍቺውም «ማቆም» ነው። ከአማርኛችን ጋር እንዴት እንደገጠመ ልብ በሉ፦ እኛም ጋ ማቆም መግታት ነው፣ መትከልም ነው። አንድ ሰው ሱቁን ወይም ወፍጮውን በቃዲ ፊት ሰነድ ጽፎ ወቅፍ ካደረገው፣ ንብረቱ ከዚያ ወዲያ አይሸጥም፣ አይወረስም። ኪራዩ ግን ሰነዱ ለጠቀሰው በጎ ሥራ ሁልጊዜ ይውላል። አስተዳዳሪው «ሙተወሊ» ይባላል። ለአገራችን ሙስሊሞች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከወቅፍ ሙሉ ከተማ ሲበቅል ለማየት ግን ቦስኒያ መሄድ ያስፈልጋል።

የኦቶማን የድንበር ገዥ የነበረው ኢሳ ቤግ እ.ኤ.አ. በ1462 ባጻፈው የወቅፍ ሰነድ የሚልያትስካ ወንዝ ድልድይ፣ የሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ፣ የሕዝብ መታጠቢያ፣ ሱቆችና ወፍጮዎች ተመዝግበዋል። ገቢያቸው መንገደኛና ድሃ በነፃ የሚመገብበትን ቤት ያስተዳድራል። የከተማዋ ስምም «ሳራይ» ከሚባለው የገዥው ግቢ የመጣ ነው። የዛሬዋ የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ እንዲህ ተቆረቆረች።

ያበበችባቸው ዘመናት ግን የገዥው የጋዚ ሁስሬቭ ቤግ ናቸው። በእናቱ የሱልጣን ባየዚድ 2ኛ የልጅ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 ቦስኒያ ላይ ተሾመ፤ በመሐል እየተነሳ ሦስት ጊዜ ገዛት፤ በ1541 ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ሀብቱ በአብዛኛው ከጦርነት የተገኘ መሆኑን መደበቅ አይገባም፤ የዘመተባቸው የክሮኤሺያ መንደሮች ዋጋውን ከፍለዋል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። የኦቶማን ገዥም በሹም ሽር ውስጥ የሚኖር ሰው ነበር። የሚያስተዳድረው መሬት የሱልጣኑ ነው፤ ሲሞት የግል ሀብቱም ሊወረስበት ይችላል። ወቅፍ የሆነውን ግን መንካት ከባድ ነበር። ስለዚህ ሁስሬቭ ቤግ እየተሻረና እየተሾመ የማይሻር ነገር ተከለ፦ መስጊድ፣ በእናቱ ስም መድረሳ፣ የድሆች ወጥ ቤት፣ ከጽርኒል ምንጭ የተሳበ ውሃ። እነዚህ ሁሉ ወጪ ናቸው። ስለዚህ አጠገባቸው ባለ ክዳን ገበያ፣ የነጋዴ ማደሪያና መታጠቢያ ቤት ቆሙ፤ ባለ ሱቁ የሚከፍለው ኪራይ የመምህሩ ደመወዝና የድሃው ዳቦ ይሆናል። ውሃና የሚከራይ ሱቅ ባለበት ደግሞ አንጥረኛውም ቆዳ ፋቂውም ይሰፍራል። እኔ የማደንቀው ይህን አሠራር ነው፤ ምጽዋቱና ገበያው በአንድ ሰነድ ተሳስረው ሰፈር ይወልዳሉ።

በ1537 የተጻፈው የመድረሳው ሰነድ ከግንባታው የተረፈው ገንዘብ መጻሕፍት ይገዛበት ይላል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤተ መጻሕፍት የተወለደው ከዚህች አንቀጽ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት አብዛኛውን የወቅፍ ንብረት ወረሰ፤ መጻሕፍቱ ግን ቆዩ። ሳራዬቮ በተከበበችበት ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1992 የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በእሳት ሲጋይ፣ የሁስሬቭ ቤግን የእጅ ጽሑፎች ሠራተኞቹ ከቦታ ቦታ እያሸሹ አተረፏቸው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ ሕንጻ፣ በዚያው በድሮው ሰፈር፣ አንባቢ ያገኛቸዋል።