መንስኤው ያልታወቀ የሆድ ሕመምና ላፓሮስኮፒ በጅማ

ከአጋሮ፣ ከቦንጋና ከሚዛን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ተጽፎላቸው ከሚመጡት መካከል ሆዳቸውን ለዓመታት ያመማቸው ሰዎች አሉ። በፌስታል የያዙት የሰገራ፣ የአልትራሳውንድና የኢንዶስኮፒ ውጤት ነው። «ጨጓራ ነው» ተብለው መድኃኒቱን ደጋግመው ጨርሰዋል፤ ፌጦውም ዳማከሴውም ተሞክሯል። ምርመራው ምንም አላሳየም ማለት ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ሕመሙ ከ3 ወር በላይ ዘልቆ ሌላው ምርመራ መልስ ሲያጣ ከሚታሰቡት አማራጮች አንዱ ላፓሮስኮፒ ነው፤ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራ ቀዶ ሕክምና።

በሰው ላይ የተሠራበትን የመጀመሪያ ዘገባ ያቀረበው ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤዩስ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1910 ነበር።

ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ከወሰደ በኋላ እምብርቱ አጠገብ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይቀደድና ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ካሜራው ሲገባ ጉበት፣ ሐሞት ከረጢት፣ ትርፍ አንጀት፣ በሴቶች ደግሞ ማሕፀንና እንቁልጢ በስክሪኑ ላይ ይታያሉ፤ ትንሹ አንጀትም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተገላበጠ ይፈተሻል። ከነቁ በኋላ ትከሻቸውን የሚያማቸው ብዙዎች ይደነግጣሉ። ምክንያቱ ጋዙ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) መቆጥቆጡ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይተዋል።

እንደ እኛ ባለ አገር ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው በሆድ ቲቢ ላይ ነው። አልትራሳውንድ ሊስተው የሚችለው ሕመም እዚህ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ እንደ ጤፍ የተበተኑ ነጫጭ ፍሬዎች ሆኖ ይገኛል። ከዚያው ናሙና ይወሰዳል፤ ቲቢ መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የ6 ወር ኪኒን ነው። ከወር አበባ ጋር የሚብስ ሕመም ሲሆን ደግሞ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ማደግ) ሊገኝና እዚያው ሊነሳ ይችላል።

የአንጀት መጣበቅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት 100 ታካሚዎችን አወዳድሮ፣ የተጣበቀው የተላቀቀላቸውና በካሜራ ብቻ የታዩት እኩል እንደተሻላቸው አሳይቷል። ማላቀቁ ራሱ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ምን ቢገኝ ምን እንደሚደረግ፣ ጤናማ የሚመስል ትርፍ አንጀትስ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ሐኪሙና ታካሚው ከማደንዘዣው በፊት ተነጋግረው መጨረስ አለባቸው።