ሻርክ እንዴት ይወልዳል? ኮምቦልቻ ቡና ላይ የሰማኋቸው ስህተቶች

ኮምቦልቻ ከባሕር ሩቅ ናት፤ የባሕር ወሬ ግን አይጠፋባትም፤ ድሮ የአሰብ፣ ዛሬ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች አሉና። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የድሮ የአሰብ ሾፌር የነበሩ ጋሼ ስለ ሻርክ ሲያወሩ ጨዋታው ወደ አወላለዱ ዞረ። ባዮሎጂ ስለማስተምር ዝም ማለት አልቻልኩም። ለምሳሌ የያዝኩት ስፓይኒ ዶግፊሽ የሚባለውን እሾሃም ዝርያ ነው፤ የሰሜን አትላንቲክ አጥማጆች በብዛት የሚያወጡት፣ እንግሊዞች ከችፕስ ጋር የሚበሉት፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ሻርክ።

«ሻርክ ማለት ዓሣ ነባሪ ነው።»
አይደለም። ዓሣ ነባሪ በሳንባ ይተነፍሳል፤ ልጁንም ያጠባል። ሻርክ በስንጥብ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው።

«ዓሣ ከሆነማ እንቁላሉን ውኃ ውስጥ በትኖ ይሄዳል።»
ይህን ያሉት ጋሼ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ደሴ ድረስ የሚመጣልን የሐይቅ ቆሮሶ እንኳ በትኖ አይሄድም፤ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች። ሻርክ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ወንዱ ሆዱ ሥር ሁለት የማዳቀያ ዘንጎች አሉት፤ ጽንስ የሚጀምረው ሴቷ ሆድ ውስጥ ነው። «ታዲያ እንደኛ እትብት አለው?» አለች ቡና የምታፈላልን ልጅ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ እንደ ዝርያው ይለያያል። የዶግፊሽ ጽንስ እናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ የሚመገበው የራሱን አስኳል ነው። ሰማያዊው ሻርክ ግን በእትብት ከእናቱ ጋር ይያያዛል። ጠንካራ ልባስ ያለው እንቁላል የሚጥሉም አሉ።

«ያም ሆነ ይህ ቶሎ ይራባል።»
የዶግፊሽ እርግዝና ከ18 እስከ 24 ወር ነው! ባቲ ገበያ የምናያት ግመል እንኳ የምታረግዘው 13 ወር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ተሸክማ የምትወልደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰባት ግልገል ብቻ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ ያለችው የቅርብ ዘመዷማ ለመውለድ እስክትደርስ 30 ዓመት ያልፋታል።

«ትልልቁን አጥምዶ ትንሹን መተው ደህና ነው።»
ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዶግፊሽ ትልልቆቹ ሴቶቹ ናቸው፤ በገዘፈች ቁጥርም ብዙ ትወልዳለች። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የአሜሪካ አትላንቲክ ጠረፍ አጥማጆች እነዚህኑ መርጠው አወጡ። በ1998 ዝርያው ከመጠን በላይ ተጠምዷል ተብሎ ታወጀ፤ ለጥቂት ዓመታትም አዲስ ግልገል እንደ ልብ አልታየም። አገግሟል የተባለው በ2010 ነው። ጋሼ ሰምተው ሲያበቁ «እኛ እኮ የምትወልድ ላም ለቄራ አንነዳም» አሉ።

«ግልገሉ ሲወለድ እሾሁ እናቱን ይወጋል።»
እሾህ መኖሩስ እውነት ነው፤ በሁለቱ የጀርባ ክንፎች ፊት ይዞ ይወለዳል። ግን ጫፉ በለስላሳ ሽፋን ተሸፍኖ ነው የሚወጣው።